ከስትራይክ በኋላ ወደ ግራ

የቦውሊንግ አዳራሽ ገብቶ የሚያይ ሰው ወለሉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት የሚያብለጨልጭ ይመስለዋል። አይደለም። በየጠዋቱ አንድ ማሽን ኳሷ በምትሄድበት መስመር ላይ እየተንፏቀቀ ዘይት ይቀባዋል፤ አንዱ ጋ ወፈር፣ ሌላው ጋ ሳሳ፣ አንዳንዴ እስከ ግማሽ፣ አንዳንዴ ጫፉ ላይ እስከ ቆሙት አሥር እንጨቶች፣ እስከ ፒኖቹ፣ አፍንጫ ድረስ። ዘይት ያለበት ላይ ኳስ ትንሸራተታለች፤ ዘይቱ ሲያልቅባት ወለሉን ነክሳ ትታጠፋለች። ዘይቱ ግን በዓይን አይለይም። በውድድር ቀን ደግሞ አቀባቡ ምስጢር ነው። ተጫዋቹ የሚያነበው በኳሷ ጠባይ ብቻ ነው፤ ቶሎ ያነበበ ይቀድማል፣ የዘገየ ሲያነብ ጨዋታው ያልቅበታል።

በዚያ አዳራሽ ማሽኑን የሚነዳው መካኒክ የአንዲት ሾፌር ባል ነበር። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ሾፌሯ የተማሪዎች ሰርቪስ መንዳት ከጀመረች አሥራ አራት ዓመት አልፏታል። ቦውሊንግ የጀመረችው ባሏን ከሥራ ልትወስድ እየመጣች እሱ እስኪጨርስ ስትጠብቅ ነው። መጠበቅ ሲሰለቻት አንዴ ሁለቴ ወረወረች፤ ሦስተኛው ወር ላይ እሱ ጨርሶ እሷን የሚጠብቅ ሆነ። መወዳደር ስትጀምር ቤታቸው ውስጥ አንድ ሕግ አወጡ፤ ውድድር ባለበት ሳምንት ስለ ዘይት ወሬ የለም። እሱ ከሥራ ሲመጣ እጁን በሳሙና ሦስቴ ታጥቦ ስለ ጎረቤት ውሻ ያወራል። ውሻውም አወሩት አወሩት፣ አለቀ።

በውድድሩ ቀን ጠዋት እሷ በር ላይ ስትደርስ ባሏ ከኋላዋ፣

«ጃኬትሽን ደርቢ፤ ደረቅ ብርድ ነው» አላት።

ዞር ብላ አየችው። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር። «ደረቅ» የቦውሊንግ ሰው አፍ ውስጥ ሌላ ትርጉም አለው፤ ዘይት የሌለበት ወለል ማለት ነው። ብርዱም እውነት ደረቅ ነበር። ጃኬቷን ደርባ ወጣች። ግን ያቺ ቃል እንደ ጫማ ጠጠር እየቆረቆረቻት አዳራሹ ድረስ አብራት ሄደች።

በመጀመሪያው ዙር ስምንት ሰው ተጫወተ፤ ለፍጻሜ የሚያልፉት ሁለት ናቸው። የሾፌሯ የመጀመሪያ ኳስ እንደ ልማዷ ከመሐል ወጣች፤ ገና ግማሽ መንገድ ሳትሄድ ወለሉን ነከሰችና ወደ ግራ አመለጠች። አራት ፒን ቀረ። ሾፌሯ ግን ፒኖቹን አላየችም። ዓይኗ ኳሷ የታጠፈችበት ቦታ ላይ ተተክሎ ቀረ። ዘይቱ አጭር ነው። በሁለተኛው ተራ ወለሉ ከተደረደረበት ጠባብ ጣውላ አምስት ያህል ወደ ቀኝ ሄዳ ቆመችና ኳሷን በመስመሩ ዳር ባለው ቦይ ጠርዝ፣ ልትወድቅ ምንም ሳይቀራት ላከቻት። ስትራይክ። አሥሩም ፒን ወደቀ። ቀጥሎም ስትራይክ፤ አራት ጊዜ በተከታታይ። ሌሎቹ ገና ጫማቸውንና ኳሳቸውን ይረግሙ ነበር።

በሁለተኛነት ያለፈችው አንዲት ጠበቃ ነበረች። ሦስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን የወሰደች፣ በሥራ ቀን ፍርድ ቤት የምትከራከር፣ በዕረፍት ቀንም ልማዷ የማይለቃት ሴት ናት። ዙሩ እንዳለቀ በቀጥታ ወደ ውድድሩ ዳኛ ሄደች።

«ክቡር ዳኛ፣ ሰባት ሰው ሲደናበር አንዷ በአንድ ኳስ አወቀችው። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። እዚህ ደግሞ ካንድ ጣሳ ዘይት የሚቀዳ ይመስላል።»

ሰዉ ሳቀ። ሾፌሯ አልሳቀችም። ባሏም እጁ ላይ የያዘውን ጨርቅ እየጠመዘዘ፣

«አንዲት ቃል አልነገርኳትም» አለ። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ሳያየው፣ «በኋላ እንነጋገራለን» አለው። እንዲህ ዓይነት «በኋላ» ምን እንደሆነ ሥራ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ዳኛው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ወደ ሾፌሯ ዞሩ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ? ነግሮሻል?»

«ስድብ ነው!» የሾፌሯ ታላቅ እህት ከተመልካች ወንበር ብድግ አለች። ጨዋታው አይገባትም፤ እህቷን ብላ ነው የምትመጣው። «ተነሺ፣ ከዚህ እንሂድ! ጥለሽው መልሶ ለሚቆም እንጨት ነው ስምሽ የሚጠፋው?»

«እትዬ፣ ተቀመጪ» አለች ሾፌሯ። ከዚያ ለዳኛው፣ «ስለ ዘይት አልነገረኝም» ብላ መለሰች።

እዚያ ላይ ብታቆም ነገሩ ያልቅ ነበር። ዳኛውም ወረቀታቸውን ማጠፍ ጀምረው ነበር። ጠጠሯ ግን ቆረቆረቻት። የጠዋቱን ኳስ ያነበብኩት እኔ ነኝ ወይስ ያቺ ቃል? ራሷን ጠየቀች፤ ቁርጡን መልስ አጣች።

«አንድ ነገር ይጻፍልኝ» አለች። «ጠዋት ከቤት ስወጣ ‹ጃኬት ደርቢ፣ ደረቅ ብርድ ነው› ብሎኛል። ስለ ብርዱ ነው። ግን ቃሏ ከእሱ አፍ ወጥታለች፤ እኔም ሰምቻታለሁ። ተደብቃ እንድትቀር አልፈልግም።»

 ባሏ ፊቱ አመድ መሰለ። እህቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጠበቃዋ እንኳ፣ ምስክር በራሱ ላይ ሲመሰክር ያየች ያህል፣ ዞራ አየቻት።

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ።

«በግምት አልፈርድም» አሉ። «መስመሩ ይታጠብ። አምስት ዓይነት አቀባብ አለን፤ አንዱን እኔ በዕጣ አወጣለሁ፤ የሚቀባው ረዳቴ ነው። መካኒኩ ውጭ ይቆያል። መለማመጃ ውርወራ የለም። ማንበብ የሚችል ያነብባል።»

«ካቃታትስ?» አለች ጠበቃዋ።

«ካቃታት ሰው የሚለውን ይላል፤ እኔ አልከለክልም።»

ባሏ ሲወጣ በአጠገቧ አለፈ። ቀና ብሎ አላያትም።

ማሽኑ ሲንፏቀቅ ሁለቱንም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አስዙረው አስቀመጧቸው። ሾፌሯ ግድግዳው ላይ ያለውን የእሳት ማጥፊያ መመሪያ አምስት ጊዜ አነበበችው፤ ከአንደኛው መስመር በላይ የገባት የለም።  ብትሸነፍ ዋንጫው ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ የባሏ እንጀራም አብሮ ነው፤ በገዛ አፏ።

ጨዋታው አሥር ተራ ነው፤ በየተራው ሁለት ኳስ፤ ስትራይክ የመታ ደግሞ የሚቀጥሉት ሁለት ኳሶቹም ይታከሉለታል። መጀመሪያ የምትወረውረው እሷ ሆነች። ጠዋት በሠራላት መንገድ፣ በቦዩ ጠርዝ ላከቻት። ኳሷ ሄደች፣ ሄደች፣ አልታጠፈችም። ቀኝ ጥግ ላይ ያሉትን ሦስት ፒኖች ገጭታ ወደቀች። ከወንበሮቹ በኩል «እህ» የሚል ድምፅ ተሰማ። በሁለተኛው ኳስ ስድስት ጣለች፤ አንድ ቀረ። ጠበቃዋ ተነሥታ ከመሐል በኃይል ላከችና በመጀመሪያ ኳሷ አሥሩንም አረገፈችው።

ሾፌሯ በሁለተኛው ተራ ጥቂት ወደ መሐል ገባ ብላ ወረወረች። ኳሷ አሁንም እየተንሸራተተች ሄዳ የፊተኛውን ፒን በጎኑ ዳሰስ አደረገችው። አንዱ ፒን ተጋድሞ እየተንከባለለ ሌሎቹን አጨዳቸውና ስትራይክ ሆነ። እህቷ ከወንበሯ ዘላ ተነሣች።

«በቃ! እዚያው ላይ ነው! እንዳትነቃነቂ!»

ሾፌሯ የሰማችው ግን ሌላ ነገር ነው። ጥሩ ስትራይክ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ ይሄኛው ግን እርጥብ እንጨት እንደመፍለጥ ያለ ድፍን ነበር። ኳሷ ጉልበቷን ይዛ አልደረሰችም፤ ያዳናት ዕድል ነው። ዘይቱ ረጅም ነው። በዝናብ መንገድ አውቶቡሱ ገና ከመንሸራተቱ በፊት ከመቀመጫዋ ሥር የሚመጣ አንድ ስሜት አለ፤ ያንን ትታ መንሸራተቱን ጠብቃ ፍሬን የምትይዝ ሾፌር ዘግይታለች። አራት ጣውላ ወደ ግራ ሄዳ ቆመች፤ እርምጃዋንም ቀዝቀዝ አደረገች።

«ኧረ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነው!» አለች እህቷ፣ ለጎረቤቷም ለአዳራሹም።

ዘጠኝ። የቀረውን አንድ በሁለተኛው ኳስ ለቀመችው። ከዚያ በአራተኛው ስትራይክ፣ በአምስተኛው ስትራይክ። ድምፁም ጠራ። ጠበቃዋ ግን የመጀመሪያዎቹን አራት ተራዎች በሙሉ በስትራይክ ዘግታ ነበርና ገና ሩቅ ነበረች።

አምስተኛው ላይ የጠበቃዋ ኳስ ከወትሮው አንድ እርምጃ ቀድማ ታጠፈች። በመጠኑ ብቻ። አንድ ፒን ቀረና ጠበቃዋ በሁለተኛው ኳስ ጣለችው፤ ምንም እንዳልሆነ ተመልሳ ተቀመጠች። ሾፌሯ ግን አየች። ከመሐል የሚሄዱት ኳሶች ዘይቱን እየጠረጉት ነው፤ ወለሉ እየደረቀ ነው።

በስድስተኛው የራሷ ኳስ ስትራይክ መታች፤ ግን የፊተኛውን ፒን ወደ ግንባሩ ቀረብ ብላ ነበር የመታችው። ጠበቃዋም በስድስተኛው እዚያው ቦታ ቆማ በዚያው ኃይል ወረወረች። ኳሷ ቀድማ ታጥፋ የፊተኛውን ፒን ግንባሩን አለችው። ግራና ቀኝ ጥግ ላይ ሁለት ፒኖች፣ እንደተጣሉ ጎረቤቶች፣ ተራርቀው ቆመው ቀሩ። ሁለቱንም ማግኘት አልቻለችም።

ሾፌሯ ስትራይክ ከመታችበት ቦታ ሁለት ጣውላ ወደ ግራ ተንቀሳቀሰች። እህቷ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ኳሷ ዘጠኝ መታች።

ያቺ ዘጠኝ ናት የፈተነቻት። «ተመለሺ፣ ስትራይክ የነበረሽ እዚያ ነው» የሚል ድምፅ በጆሮዋ ይጮህ ጀመር፤ የእህቷ ይሁን የራሷ አልለየችውም። የቀረውን ፒን ጣለችና ቁጭ አለች። የታጠፈችበት ቦታ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው እጄ ነው፣ ፈጠነብኝ አለች በሆዷ። አልተመለሰችም። በስምንተኛው ስትራይክ። በዘጠነኛው ስትራይክ። በመጨረሻው፣ በአሥረኛው፣ ስትራይክ መታች፤ ስትራይኩ ካስገኘላት ሁለት ተጨማሪ ኳሶች በአንዷ ስምንት ጣለች፤ ሁለቱን ደግሞ በመጨረሻዋ ለቀመቻቸው። ሁለት መቶ ሃያ ስድስት።

ጠበቃዋ እስከዚያ ቦታዋን ለውጣ፣ በስምንተኛውና በዘጠነኛው ስትራይክ መትታ ደርሳባት ነበር። በአሥረኛው የመጀመሪያ ኳሷ ስትራይክ ከሆነች ዋንጫው የእሷ ነው። ላከቻት። ቆንጆ ኳስ ነበረች። ዘጠኙ ባንዴ ረገፈ፤ ቀኝ ጥግ ያለው ፒን ግን ዞረ፣ ተንገዳገደ፤ ቆመ።

የቀሩትን ኳሶች ሳትሳሳት ወረወረች። አልበቃትም። ሾፌሯ በሁለት ፒን አሸነፈች።

ጠበቃዋ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ አቤቱታዋን እንደተወች ጽፋ ፈረመች፤ ሥራ አስኪያጁን ጠርታም ወረቀቱን አስነበበችው። ከዚያ ሾፌሯ አጠገብ መጥታ ቆመች። ይቅርታ ከአፏ በቀላሉ የሚወጣ ሰው አልነበረችም።

«ሁለቴ ስትራይክ መትተሽ ሁለቴም ቦታ ለቀቅሽ» አለች። «ለምን?»

«ኳሷ መታጠፊያዋን ቀይራ ነበር። ፒኖቹ ናቸው ገና ያልሰሙት።»

ጠበቃዋ ጓንቷን አወለቀች። «እኔ ሁለት ተራ ዘገየሁ» ብላ ሄደች።

ባሏ በመስታወቱ በር ገባ። ጃኬት አልለበሰም ነበር፤ አፍንጫው ቀልቷል። ዋንጫውን አየ፤ እሷን አየ።

«ከውጭ ሆኜ በድምፅ ስቆጥር ነበር» አለ። «የአንቺን ከእሷ መለየት አቃተኝ። ተሸንፈሻል ብዬ ነበር።»

«ያንን ቃል ሳስጽፍ ሰምተኸኛል?»

«ቆሜ ነበራ። እንዴት አልሰማም?»

«ተናደድክብኝ?»

«በጣም።»

«አሁንስ?»

ጎንበስ ብሎ የኳስ ቦርሳዋን አነሣ። ከባድ ነው፤ ትከሻው ላይ እስኪያስተካክለው ጊዜ ወሰደበት።

«አሁንም ትንሽ» አለ፤ በሩንም በእግሩ ይዞላት እስክታልፍ ቆመ።