ዙልፋ አደዩ መሀል የተቀመጠች ዕለት

ዙልፋ ወልድያ ውስጥ የሾላውን መናፈሻ ሃያ ስድስት ዓመት ስትኮተኩት ኖራ፣ አንድም ቀን ውስጡ ቁጭ ብላ አታውቅም ነበር። አትክልተኛ በሥራ ሰዓት አይቀመጥም። ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ ቤት አለ፣ አራት ልጆች ነበሩ፣ ገበያ አለ። ስለዚህ ያን ሁሉ ዘመን አበባ ያየችው ጎንበስ ብላ ነው። ሥሩን ታውቀዋለች፣ ትሉን ታውቀዋለች፣ የትኛው ውሃ ሲበዛበት እንደሚበሰብስ ታውቃለች። ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ደገፍ ብሎ የሚያየውን ነገር ግን አይታው አታውቅም።

ሐምሌ ላይ ጡረታ ወጣች። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ገለል ሲል፣ አንድ ማክሰኞ ጧት የዒድ ቀሚሷን ለበሰች፤ አረንጓዴ ሻሿን ጠመጠመች፤ እግሯን ቅባት ነካ አድርጋ ወጣች። ባሏ አብዱልሐሊም ከመርሳ ወልድያ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። የመኪናውን መስታወት እየወለወለ ቀና ብሎ አያት።

«ሠርግ አለ እንዴ?»

«የለም። መናፈሻ ልቀመጥ ነው።»

ሳቅ ሊል ፈልጎ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወውና ወደ መስታወቱ ተመለሰ።

መናፈሻው ከታደሰ ገና ሁለት ወሩ ነው። ዙሪያውን የብረት አጥር ገብቶለታል፤ በሩ ተቀይሯል፤ መንገዱ ላይ ንጣፍ ተነጥፏል። ዙልፋ ስትደርስ በሩ በሰንሰለት ተቆልፏል። ዘበኛው ዓሪፍ አብሯት አሥር ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላት።

«እትዬ ዙልፋ፣ ጡረታው እንዴት ይዞዎታል?»

«አልሐምዱሊላህ። ክፈትልኝ እስቲ፣ ትንሽ ልቀመጥ።»

ዓሪፍ ሰንሰለቱን ያዝ አደረገ። «ተከልክሏል» አለ። «አስተዳዳሪው አቶ አክሊሉ ማንም እንዳይገባ ብለዋል። ቅዳሜ እንግዶች ይመጣሉ። ከዚያ በኋላም ለሠርግና ለፎቶ፣ ያውም ደብዳቤ ይዞ ለሚመጣ ብቻ ነው። ሰው ሣሩን ይረግጠዋል ነው የሚሉት።»

«ታዲያ ለማን ተተከለ?»

«በአጥሩ በኩል ይታያል» አለ ዓሪፍ። ባለው ነገር እሱም እንዳፈረ ያስታውቅ ነበር።

ዙልፋ አልተጨቃጨቀችም። አጥሩን እየታከከች ወደ ምሥራቁ ዳገት ዞረች። እዚያ፣ ድንጋይ በድንጋይ የተካበው እርከን ላይ፣ አደይ አበባ ከላይ እስከ ታች ቢጫ ሆኖ ፈንድቷል።

ይህን አደይ የዘራችው እሷ ናት። በጦርነቱ ዓመት የመናፈሻው አግዳሚ ወንበሮች ለማገዶ ሄደው፣ ጽጌረዳው በከባድ መኪና ጎማ ተደፍጥጦ፣ ዳገቱ ምሽግ ተቆፍሮበት ነበር። ሰዉ ወደ ቤቱ ሲመለስ መናፈሻውን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ችግኝ የለም፣ ማዳበሪያ የለም፣ ደመወዝም ለወራት አልነበረም። ያኔ ዙልፋ ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ግራና ሄዳ፣ ከመንደሩ በላይ ካለው ተራራ የደረቀ የአደይ ፍሬ እየሸመጠጠች አንድ የስኳር ከረጢት ሞልታ መጣች። የተቆፈረውን በእጇ ደልድላ በተነችው። በሚቀጥለው መስከረም የበቀለው እዚህም እዚያም ነበር። ዘንድሮ ግን ድንጋዩ እንኳ አይታይም።

አጥሩ ውስጥ ሮማን ውሃ ታጠጣለች። ሮማን ሥራውን ከዙልፋ የተማረች አትክልተኛ ናት። የውሃ ጎማውን ጥላ ወደ አጥሩ መጣች።

«እንኳን ዛሬ መጡ» አለቻት። «ሐሙስ ይታጨዳል።»

«ምኑ?»

«ይሄ። አቶ አክሊሉ አረም ነው ብለዋል። በባልዲ የተተከለ ቀይ አበባ በመኪና ተጭኖ መጥቷል፤ እሱ ይደረደርበታል። እኔ ነግሬያቸው ነበር፤ እትዬ ዙልፋ የዘሩት ነው ብያቸው ነበር።»

«ምን አለ?»

«ማንም ይዝራው፣ በፕላኑ ላይ የለም አሉ።»

ዙልፋ በሁለት እጇ የያዘችውን የአጥሩን ብረት ለቀቀች። ከዚያ መንገዱን ተሻግራ ወደ አዳነች ሱቅ ገባች።

አዳነች ከመናፈሻው ፊት ለፊት ነጠላና የአበሻ ቀሚስ ትሸጣለች። ወላጆቿ ከትግራይ መጥተው ወልድያ ላይ የከተሙ ናቸው፤ እሷ እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ተድራ፣ ሱቁን ከእናቷ ተረክባ የምትኖር ናት። ከዙልፋ ጋር ያወዳጃቸው መናፈሻው ነው። ሰው ከአዳነች ጋር ሰላምታ መለዋወጥ በፈራበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ሱቋን ዘግታ ሾላው ሥር ትቀመጥ ነበር። ዙልፋ በየጧቱ ባልዲዋን አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ እንደ ድሮው ጨብጣ ትስማት ነበር። ሰዎች ምንም አላሏትም፤ ቢሏትም አትሰማም ነበር።

አዳነች ሁሉንም ከሰማች በኋላ የያዘችውን ነጠላ አጥፋ አስቀመጠች። «ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልቀመጥ።»

«የት?»

«አደዩ መሀል። ሐሙስ ጧት። እኔ ላይ አያጭዱም መቼም።»

«ቢወስዱሽስ?»

«ከወሰዱኝ ደግሞ እዚያም እቀመጣለሁ። የቸኮልኩበት ሥራ የለኝ።»

ረቡዕ ማታ እራት ላይ ለአብዱልሐሊም ነገረችው። እሱ ጉርሻውን እጁ ላይ እንደያዘ አዳመጣት።

«አንቺ ሴት፣ ጡረታሽን አርፈሽ ቁጭ ብለሽ ብትበይ ምን አለ?»

«ቁጭ ማለት ነው የፈለግኩት። የከለከሉኝ እሱን ነው።»

«ሰው ምን ይላል? በዚህ ዕድሜ ለሣርና ለቅጠል ከሹም ጋር ትጣላለች አይልም?»

«ይበል። በዚህ ዕድሜ ካልሆነ መቼ ልጣላ? ያኔ ልጆች ነበሩብኝ።»

አብዱልሐሊም ጎረሰ። እሷም ፈቃድ የጠየቀችው ነገር አልነበረም።

ሐሙስ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዙልፋ በሩ ላይ ቆመች። የለበሰችው ያንኑ የዒድ ቀሚስ ነው። ዓሪፍ ገና ጋቢውን ከትከሻው አላወረደም።

«እትዬ ዙልፋ፣ በአላህ ይሁንብዎ። ልጆች አሉኝ።»

«አውቃለሁ። ክፈት አላልኩህም። አልከፍትም በለኝ።»

«አልከፍትም» አለ ዓሪፍ ግራ ገብቶት።

«ሰምቻለሁ። ሲጠይቁህ ከልክያት ነበር በል፤ እውነትህን ነው።»

ይህን ብላ አጥሩን ዞረች። በምሥራቅ በኩል የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ቦይ አለ፤ አጥሩ በላዩ ያልፋል እንጂ ታች አይደርስም። ያን ቦይ ከዓመታት በፊት በዶማ የቆፈረችው እሷ ናት፤ ስፋቱን ታውቀዋለች። ቀሚሷን ሰብስባ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ ሾለከች። ክርኗ ተላጠ፤ ሻሿ ብረቱ ላይ ተንጠለጠለ። አውርዳ አራግፋ መልሳ ጠመጠመችው፤ ዳገቱን ወጥታ አደዩ መሀል ዝርግ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ጤዛው ገና አልረገፈም። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ብቅ ስትል አበባው ከዳገቱ አናት ጀምሮ ቀስ በቀስ እየበራ መጣ። ከላይ ወደ ታች ሲያዩት አንድ ወጥ ቢጫ አይደለም፤ ነፋሱ ባለፈበት ሁሉ ደመቅና ፈዘዝ ይላል። ንቦቹ ሥራ ጀምረዋል። ከአደዩ ባሻገር ሾላው፣ ከሾላው ማዶ ከተማው፣ የባጃጁ ድምፅ፣ ከዚያ የመርሳ መንገድ። ዙልፋ ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ቦታ ስትውል ይህን አላየችም ነበር። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቱ ተከተለ። ይህን ነው ለካ ሊያጭዱት።

ሁለት ሰዓት ላይ ሮማንና አንድ ሠራተኛ የማጨጃ ሞተር ይዘው መጡ። ሮማን ዙልፋን ስታይ ሞተሩን መሬት አስቀመጠች፤ እጇንም ወደ ኋላ አደረገች። ሠራተኛው ሊያስነሳው ሲል፣ «ተወው» አለችው። «ሰው አለ።»

አክሊሉ ተጠርቶ መጣ። በአርባዎቹ ያለ፣ ሱፉን ቁልፍ በቁልፍ የዘጋ ሰው ነው፤ መናፈሻው ከታደሰ ወዲህ የተሾመ አስተዳዳሪ ነው። ተቆጥቶ አልጀመረም።

«ወይዘሮ ዙልፋ፣ እርስዎን እናከብራለን። ሲሰናበቱ የምስክር ወረቀት ሰጥተንዎታል።»

«ሰጥታችሁኛል። አበባም ተስሎበታል። እሱ ላይ ግን መቀመጥ አይቻልም።»

«ቅዳሜ እንግዳ አለብኝ። ይሄ ነገር በየጥሻው የሚበቅል ነው። እንግዳ ሲመጣ ጥሻ ላሳይ?»

«በየጥሻው የሚበቅለውማ የእኛ ስለሆነ ነው። ያንተ ባልዲ በአሥራ አምስት ቀን ይደርቃል። ይሄ ምሽግ ላይ የበቀለ ነው። ማንም ውሃ አላጠጣው።»

«ፖሊስ እንድጠራ አያስገድዱኝ።»

«ጥራ። ምን ብለው ይመዘግቡኛል? አበባ ስታይ ተገኘች ብለው?»

አጥሩ ውጭ ሰው መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ወደ ሥራ የሚሄዱ፣ ከቅጠላ ቅጠል ገበያ የሚመለሱ ሴቶች፣ ሁለት የባጃጅ ሹፌሮች። አንዲቱ ሴት ሳቀች። አክሊሉ ዞር ብሎ አይቷት ስልኩን አወጣ፤ ቁጥር ነካ ነካ አድርጎ መልሶ ኪሱ ከተተው።

ያኔ አዳነች ሱቋን ዘግታ መጣች። በሩ ላይ ዓሪፍን ጠየቀችው፤ አልከፍትም አላት። ቦዩን ዞረች። አዳነች ሙሉ ሴት ናት፤ ግማሽ አካሏ ካለፈ በኋላ ወገቧ ላይ ተያዘች። ሮማን ሮጣ ከውስጥ ጎተተቻት፤ ከገበያ የሚመለሱት ሴቶች ከውጭ ገፏት። ጭቃ ለብሳ ወጣች። ነጭ ቀሚሷን አየት አድርጋ፣ «ይታጠባል» አለችና ዳገቱን ወጥታ ከዙልፋ አጠገብ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላዘዘውም። አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ ዘንቢሏን ለጎረቤቷ አስይዛ ሾለከች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ከመስጊድ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ መጥተው ቦዩን በዱላቸው ለክተው፣ «እኔ በዚህ አላልፍም፤ በሩ ላይ እጠብቃለሁ» አሉና ሰንሰለቱ ፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አራት ሰዓት ላይ ዳገቱ ላይ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ፤ በሩ ፊት ደግሞ ከዚያ የሚበልጡ። የጮኸ የለም፤ ድንጋይ ያነሳ የለም። ተቀምጠዋል፣ ያወራሉ፤ አንዳንዱ ፎቶ ይነሣል።

አብዱልሐሊምም መጣ። ሚኒባሱን ጥግ አስይዞ፣ የፀሐይ ጃንጥላ በአጥሩ ብረት መሀል አሾልኮ ለሮማን ሰጣት። «በፀሐይ ራሷን ያማታል፤ ስጫት» አላት። ከዚያ ሚስቱን ከሩቅ ለአንድ አፍታ ተመለከታት። «ደርሼ እመጣለሁ፤ ሰው ጭኛለሁ» ብሎ ጮክ አድርጎ ነገራት። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ያዩ ነበር።

አክሊሉ ቦዩ ዘንድ ቆሞ ነበር። አንድ የተከበሩ ወይዘሮ በአራት እግራቸው ሊገቡ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝ አደረጋቸው።

«ተዉ እማማ፤ ልብስዎ ይበላሻል።»

«ታዲያ በየት ልግባ?» አሉት።

አክሊሉ ክንዳቸውን ለቀቀ። ወደ በሩ ሄዶ ዓሪፍን «ክፈተው» አለው። ድምፁ ዝግ ያለ ስለነበር ዓሪፍ ሁለተኛ አስባለው።

ሞተሩ ወደ መጋዘን ተመለሰ። ቀያዮቹ ባልዲዎች በሩ ግራና ቀኝ ተደረደሩ። ቅዳሜ እንግዶቹ መጡ። የእንግዶቹ መሪ ባልዲዎቹን አልፎ ቀጥታ ወደ ዳገቱ ሄደ። አደዩ ፊት ቆሞ ፎቶ ተነሣ። አክሊሉ፣ «አገር በቀል አበባ እንዲጠበቅ የያዝነው ዕቅድ አካል ነው» ሲል ዙልፋ አዲሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰማችው። አጠገቧ የነበረችው አዳነች ብድግ ልትል ስትል ዙልፋ ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት።

«ዕቅዱ የሱ ይሁን» አለች። «አበባው ይቁም እንጂ።»

በሳምንቱ አዲስ ማስታወቂያ በሩ ላይ ተሰቀለ፦ መናፈሻው ለሕዝብ ክፍት የሚሆነው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ሰንሰለቱ ቀርቷል፤ በሩ ግን ገርበብ ብሏል። ዙልፋ ሰኞ ጧት መጣች። ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች፣ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው።

«ሰኞ ነው እኮ» አለ ዓሪፍ።

«አውቃለሁ።»

በሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባች። ዓሪፍ ከኋላዋ መልሶ ሊዘጋው እጁን አነሣ፤ አዳነች መንገዱን ስትሻገር ሲያይ ከፍቶ ተወው።