ከሸክላ ሠሪዋ እጅ

ማረው ወረታ ከተማ ጂኦግራፊ የሚያስተምር፣ ካርታ ማንበብ የሚወድ፣ መንገድ መጠየቅ ግን የማይሆንለት ሰው ነው። ለትንሣኤ ትምህርት ሲዘጋ ሚስቱን ሊድያን ይዞ ከእብናት ማዶ ወዳለው በረሃ ወረደ። ሰው በማይኖርበት ገደል ውስጥ ድንኳን ተክለው ሁለት ሌሊት ሊያድሩ ነበር።

«ፎገራ ላይ ዓይንሽን ብታሻግሪ ሩዝና ከብት ነው፤ እስቲ ድንጋይ ብቻ እንይ» ያላት እሱ ነው። መንገድ የሚያውቅ ሰው እንያዝ ብትለውም ሳቀባት።

የመጀመሪያው ቀን ደስ የሚል ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን ማረው ጀሪካኑን ሲያነሳ ቀለለው። ስለታም ድንጋይ ላይ አስቀምጦት ኖሮ ሥሩ ተሰንጥቆ፣ ውሃው አሸዋው ውስጥ ሰርጎ አልቋል። የቀረቻቸው በላስቲክ ጠርሙስ ያለች ግማሽ ሊትር ናት። ድንኳኑን ነቅለው ዳገቱን ተያያዙት። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ያቺም አለቀች፤ ሊድያ መራመድ አቅቷት አንድ ቋጥኝ ጥላ ሥር ተቀመጠች።

ይህን ጊዜ የዶማ ድምፅ ሰሙ። ማረው ደግፏት የገደሉን መታጠፊያ ሲያልፉ አንዲት ስድሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ከገደሉ ግድግዳ የሸክላ አፈር እየቆፈረች በጆንያ ስትሞላ አገኙ። አህያዋ አጠገቧ ቆማለች።

«ልጆቼ፣ በዚህ ፀሐይ ምን ነካችሁ? ኑ ጠጡ» አለችና ከቅሏ ወደ ሸክላ ዋንጫ ቀድታ በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

ማረው አፈር የለበሱትን እጆቿን አየ፤ ሸክላ ሠሪ መሆኗንም አወቀ። እናቱ በልጅነቱ «ከነዚያ ሰዎች እጅ ውሃ እንዳትቀምስ፣ ዓይናቸው ይበላል» ትለው ነበር። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹን ይህ የድንቁርና ወሬ ነው እያለ የሚቆጣው ራሱ ነው። ሊድያ እጇን ስትዘረጋ ግን ሳያስበው ክንዷን ያዛት።

«ይስጥልን እናቴ፣ አሁን ጠጥተን ነው» አለ። አፉ ከመድረቁ የተነሳ ምላሱ ከላንቃው ተጣበቀበት።

ሴትዮዋ የተሰነጠቀ ከንፈሩን አየች። ዋንጫውን ቀስ ብላ ዝቅ አደረገች። ብትቆጣው በተሻለው።

«እንግዲያስ ከዚያ ሾላ ሥር አሸዋውን ጫር ጫር አድርጉት፣ ውሃ ያወጣል» አለች በአገጯ እያመለከተች። «እኔ ዛሬ እጄን አላገባሁበትም።»

ሊድያ ክንዷን መንጭቃ አስለቀቀች። ዋንጫውን ከሴትዮዋ እጅ ተቀብላ ባንድ ትንፋሽ ጨለጠችው።

«ይድገሙኝ እናቴ። ስምዎን ማን ልበል?»

«አልጣሽ።»

ማረው ብቻውን ወደ ሾላው ሄደ። ተንበርክኮ አሸዋውን በጥፍሩ ጫረ፤ የደፈረሰ ውሃ ወጣለት፤ ጠጣ። ከኋላው ሁለቱ ሴቶች ሲሳሳቁ ሰማ። በኔ ነው ብሎ ጆሮውን ቢያቀና ስለ አህያዋ እልኸኝነት ነው የሚያወሩት። እሱን ረስተውታል።

ሲመለስ፣ «እናቴ፣ ቅድም እኮ...» ብሎ ጀመረ።

«ይልቅ ጆንያውን አንሳልኝ ልጄ» አለች አልጣሽ።

ጫነላት። አቋራጩን እየመራች ከገደሉ አወጣቻቸው። መለያያው ላይ ሊድያን ጉንጭና ጉንጯን ሳመቻት። ለማረው ግን ከሩቅ እጅ ነሳችው፤ እጆቿንም እንዳይከብደው ብላ ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች። እጁን ዘረጋ። አልጣሽ ፊቷን አዙራ አህያዋን መንዳት ጀምራ ነበር።

ትምህርት ሲከፈት የታሪክ መምህሩ ታከለ፣ «በረሃው እንዴት ነበር?» አለው።

«ውሃ አልቆብን አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት በዋንጫዋ ሰጠችን፤ ጠጣን» አለ ማረው። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ጆሮው ጋለ።

«ጎበዝ! ለተማሪዎቹ ንገራቸው እንጂ፣ ምሳሌ ይሆናቸዋል።»

ያን ቀን የሚያስተምረው ጠፋበት። ቤት ገብቶ ለሊድያ ያወራውን ነገራት። እህሉን ከፊቱ አቀረበችና፣ «ለታከለ እውነቱን ንገረው። ለኔ ብትነግረኝ ምን ይፈይዳል?» አለችው።

በማግስቱ ታከለን ከመምህራን ማረፊያው ጠርቶ፣ ባንዲራው ሥር ቆመው አንድም ሳያስቀር ነገረው።

«እኔም ብሆን ኖሮ ከእጇ...» አለና ታከለ ሳይጨርሰው ተወው።