የምስሩ ድስትና የቢጂ ክንድ

«ሦስት ወር ስጡኝ፤ ቢጂን ጎሽ የምታነሳ ሴት አደርጋታለሁ» ብላ ራምኒት ለመንደሩ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። አፏን ማን ሊይዝላት።

ቢጂ አያቷ ናት፤ ሰባ አንድ ዓመቷ። ባለፈው ክረምት ጓሮ ተንሸራታ የእጅ አንጓዋ ከተሰበረ ወዲህ የጉርድዋራው፣ የሲኮቹ ቤተ ጸሎት፣ ማዕድ ቤት አለቃ ሳርዳር ኪርፓል ከትልቁ የምስር ድስት አንስቶ ነጭ ሽንኩርት መላጥ ላይ አስቀመጣት። አርባ ዓመት ለመጣው እንግዳ ሁሉ የተሸከመችውን ድስት! ከስብራቱ ይልቅ ይሄ አመማት። በባይሳኪ በዓል ድስቱን ካነሳች ይመልሳታል፤ ካላነሳች ዕድሜዋን ሙሉ ሽንኩርቷን ትልጣለች።

የጃላንዳር ከተማው ሐኪም አጥንቷንና ኩላሊቷን መርምሮ «አጥንትዎ ሳስቷል፤ ክብደት ያንሱ» አላት። «ኩላሊትዎ ደህና ስለሆነ ክሬቲን የሚባል የጡንቻ ማጠንከሪያ ዱቄትም በቀን አንድ ማንኪያ ይውሰዱ። ካላነሱ ግን ዱቄቱ ብቻውን ምንም አያደርግልዎትም።»

ራምኒት የሰማችው ዱቄቱን ብቻ ነው።

በየጠዋቱ በላሲ፣ በቀጠነ እርጎ፣ በጥብጣ ታቀርባለች። ቢጂ ደግሞ ሳታካፍል የጠጣችው አይወርድላትም፤ እንዲህ ነው ያደገችው። ፖስተኛው ብስክሌቱን አቁሞ ሰላም ሲል ብርጭቆው ወደሱ ይሄዳል።

«ቢጂ፣ መድኃኒት እኮ ነው።»

«ይጠጣ፤ እሱም ወገቡን ያመዋል።»

«አጥንቱ የሳሳው እሱ ነው?»

«ብቻዬን ጠጥቼ ፈጣሪን ምን ልበለው?»

ፖስተኛው አፉን ጠርጎ መርቆ ይሄዳል። በሳምንቱ ደብዳቤ ባይኖርም መምጣት ጀመረ። ራምኒት ልቧ ውልቅ አለ።

ማታ ማታ ደግሞ ጀሪካኑ አለ። ቢጂ በሁለት እጇ ውሃ የሞሉ ሁለት ጀሪካኖች ይዛ ከበርጩማ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፤ ራምኒት አንድ ዓይኗን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክላ ትቆጥራለች።

«ስድስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ...»

«ስምንትስ?»

«አልፏል።»

«የት አልፎ? እኔ ሳላነሳው?» ትልና አሮጊቷ ስምንትን ለብቻው ታነሳለች። ለአንዲት መነሳት ይህን ያህል ክርክር! ራምኒት ጥርሷን ነክሳ ትጠብቃለች፤ ድራማው ያመልጣታል። ሦስት ወር ሙሉ እንዲሁ።

ባይሳኪ ደረሰ። ምስሩ ተንተክትኮ ድስቱ ከእሳት ሊወርድ ነው። ቢጂ ጨርቅ ጠቅልላ የድስቱን አንዱን ጆሮ ያዘች፤ በማዶ አንዲት ጎልማሳ ሴት ሌላውን። ኪርፓል ቆሞ ያያል። ድስቱ ተነሳ፤ ሳይንገዳገድ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

«ቢጂ» አለ ኪርፓል፣ «ከነገ ጀምሮ ወደ ድስትዎ ይመለሱ።»

ራምኒት በሴቶቹ መሃል ብቅ አለች። «አላልኳችሁም? የኔ ዱቄት ነው፤ የኔ ሥራ ነው።»

ቢጂ እጇን በጨርቁ ጠረገች።

«ዱቄቱን ፖስተኛው ጠጣው፤ ጀሪካኑን እኔ አነሳሁት። ያንቺ ሥራ መቁጠር ነበር፤ እሱንም ስምንትን እየዘለልሽ።»