የአሚን ቦታ

የእህቷ ልጅ ዛሂዳ ከኮምቦልቻ ደውላ «ያለ አያቴ ዱዓ ኒካሕ አይታሰርም!» ያለች ዕለት ኑሰይባ ስቃ ነበር። ዛሬ ግን ሳቁ ከየት ይምጣ? ኒካሑ ከዙሁር በኋላ ነው፤ ዱዓው ገና ከየመን፣ ከኤደን ከተማ አልወጣም።

አባቷ ሐጂ ኢስሃቅ በስልክ ልመርቅ ቢሉ መስመሩ እየተቆራረጠ አስቸገራቸው። ከአገር ከወጡ ሠላሳ ዓመት የሆናቸው ሽማግሌ «ለመሆኑ እዚያ የሚያስታውሰኝ አለ?» እያሉም ቢሆን፣ ከጎረቤት ሪኮርደር ተውሰው አርባ ደቂቃ ሙሉ መረቁ። ሪኮርደሩ ደግሞ ከድምፅ ቅንጣት አልጥልም ባይ ነው፤ ፋይሉ አራት መቶ ሜጋ ሆኖ ቁጭ አለ። በሰፈራቸው በቃሂራ ኔትወርክ ሦስቴ ተላከ፣ ሦስቴም ተቋረጠ።

አባትና ልጅ ወደ ሙንተሰር የስልክ ሱቅ ገሰገሱ።

«ያ ሐጅ፣ ቀላል ነው» አለ ሙንተሰር። «ወደ ኤምፒስሪ እቀይረዋለሁ። ጆሮ የማይለየውን እየጣለ ያሳንሰዋል።»

«ዱዓዬን ልትጥል?»

«አስተግፊሩላህ! ቃሉ እንዳለ ነው።»

ሐጂ ሳልሰማ አይላክም አሉ። ሙንተሰር ሠርቶ ሲጨርስ ማዳመጫውን አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኑሰይባ ሰዓቱን ደጋግማ ታያለች። ብዙም ሳይቆዩ ማዳመጫውን መነጨቁት።

«ምንድነው የሚያስሮጠኝ? የሐራጅ ደላላ አስመሰልከኝ እኮ!»

ሙንተሰር አንገቱን ደፋ። «ወላሂ፣ በየመሀሉ ዝም ይሉ ነበር። ባዶ ነው ብዬ ቆረጥኩት፤ ይበልጥ እንዲያንስ ብዬ ነው።»

«ባዶ? እሱ እኮ የእነሱ ቦታ ነው! እኔ እመርቃለሁ፣ እነሱ አሚን ይላሉ። አሚን የሚባልበትን ከቆረጥክ ዱዓው ለማን ሊሆን ነው?»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ ሙንተሰር ከዋናው ፋይል እንደገና ጀመረ። ዝምታውን ሳይነካ ቢቀይረው እንኳ ሃያ ሜጋ ብቻ ሆነ። ላኩት። የዙሁር አዛን ከመሰማቱ በፊት ዛሂዳ «ደርሷል!» ብላ ጻፈች፤ ኑሰይባም ከሱቁ በር ላይ እልልታዋን አቀለጠችው።

ከሰዓት ሙሽራዋ መልሳ ደወለች። ለካ መስመሩም ሲፈልግ ጨዋ ነው፤ የድንኳኑ ሁካታ ጥርት ብሎ ገባ። የሐጂ ድምፅ በድምፅ ማጉያ «አላህ ትዳራችሁን ያሙቀው!» አለና ዝም አለ።

«አሚን!» አለ ድንኳኑ። ሴቱ፣ ወንዱ፣ ሕፃኑ ሳይቀር። አሚኑ ገና ሳያልቅ ሁለተኛው ምርቃት መጣ፤ ጩኸቱ ዋጠው፤ ሦስተኛውንም እንዲሁ።

ሐጂ እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ ሳቁ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ የዐሥር ሰው አሚን ነበር የተውኩላቸው!»