አየር ላይ መሪ የለም

ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት ከሚወስደው መንገድ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ቦርከናን የሚቀላቀል ደረቅ ጅረት አለ። ባለፈው በጋ በአፋፉ ላይ አፈር ተቆልሎ፣ በላዩም ሳንቃ ተነጥፎ ነበር። ያስቆለለው አንዋር የተባለ ወጣት ፊልም ሠሪ ሲሆን፣ በዚያ ላይ ተንደርድሮ ጅረቱን በባጃጅ ሊዘል የተስማማው ደግሞ የከተማው ባጃጅ ነጂ ሪያድ ነበር።

ጡረታ የወጡት የፊዚክስ መምህር ሙሀመድአሚን ይህን የሰሙት ከሪያድ እናት ከወይዘሮ ሀዲጃ ነው። እናቲቱ አላለቀሱም፤ ሌላ ልጅ እንደሌላቸው ብቻ አስታውሰው፣ ያስተማሩት እርስዎ ነዎትና ይንገሩት አሉ።

መምህሩ ሄደው ነገሩት። በፊልም ላይ መኪና እንደ ጭልፊት ተዘርግቶ ገደል የሚሻገረው፣ የሚያስፈነጥረው መሣሪያ ከዓይን ስለሚሰወርና የቀረውን ኮምፒዩተር ስለሚያቃናው መሆኑን አስረዱ። በምድር ያለው ሕግ ግን ሌላ ነው። የፊት ጎማ ከሳንቃው ጫፍ እንደለቀቀ የሚደግፈው ያጣል፤ የኋላዎቹ ገና ሳንቃው ላይ ሳሉ አፍንጫው ማዘቅዘቅ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ነጂው ፍሬን ቢይዝም ነዳጅ ቢሰጥም የሚለወጥ ነገር የለም።

"አየር ላይ መሪ የለም፣ ልጄ" አሉት።

አንዋር ሳቀ። "በእርስዎ ሕግ ቢሆን ኖሮ፣ ጋሼ፣ እስከ ዛሬ አንድም አክተር አይተርፍም ነበር።"

ሪያድ አልሳቀም። እሱን የያዘው ሌላ ነገር ነበር። ሽማግሌዎች ለዱዓ በተቀመጡበት ወዳጃ ላይ ቀርቦ፣ ምንነቱን ሳይገልጽ፣ አዲስ ሥራ ልጀምር ነውና መርቁኝ ብሏል። ሼህ አደም እጃቸውን ዘርግተው መርቀውታል፤ ቤቱም በአንድ ድምፅ አሚን ብሏል። በዚያ አገር የተመረቀበትን ሥራ ሳይጀምር የተወ ሰው፣ ምርቃት ረገጠ ይባላል።

መምህሩ ክርክሩን ትተው ሙከራ ጠየቁ፤ አንዋርም ለቀረጻው ስለሚጠቅመው ፈቀደ። አንድ ያረጀ ባጃጅ መሪው በገመድ ታስሮ፣ በነጂው መቀመጫ ላይም የሪያድን ክብደት የሚያህል የአሸዋ ጆንያ ተቀምጦ፣ ከአፋፉ በስተኋላ ካለው ዳገት ቁልቁል ወደ ሳንቃው ተለቀቀ። ሳንቃውን እንደጨረሰ አፍንጫው ዘቀዘቀ። ማዶ ሳይደርስ ከድንጋዩ ጋር ተላተመ፤ መሪው ጆንያውን በስቶ ገባ። አሸዋው ቀስ እያለ ይፈስ ጀመር። አንዋር ካሜራውን እያየ፣ ቀረጻው ማማሩን ለራሱ ተናገረ።

ሪያድ የሚፈሰውን አሸዋ ቆሞ ተመለከተ። መምህሩ ነገሩ ያበቃ መስሏቸው ትከሻውን ያዙት።

"ጆንያው እኮ አልተመረቀም፣ ጋሼ" አለ።

መምህሩ ይህን የሚፈታው የመረቀው ሰው ብቻ መሆኑን ተረዱ። ወደ ከተማ ገስግሰው ሼህ አደምን ይዘው ተመለሱ። ሼሁ ምርኩዛቸውን ተክለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገሩ።

"እኛ የመረቅነው እንጀራህን ነው፤ ሞትህን አልመረቅንም። ተወው፣ አፉ ብዬሃለሁ፤ ምርቃት ረገጥክ የሚልህ የለም።"

ሪያድ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ። ሼሁም እንደ ልማዳቸው ራሱን ዳበስ አድርገው፣ አላህ ይጠብቅህ አሉት። ሪያድ ግን ይህን እንደ ሁለተኛ ምርቃት ወሰደው።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ያወቁት ሞተሩ ሲነሳ ነው። ሊደርሱበት አልቻሉም። በጆንያው የሆነው ሁሉ ሆነ፤ ሪያድም በዚያው ዕለት ከዐስር ሰላት በኋላ ተቀበረ።

ፊልሙ ከረመዳን በኋላ ወጣ። በፊልሙ ላይ ባጃጁ ተዘርግቶ ጅረቱን ይሻገራል፤ ማዶ በሦስት ጎማው ያርፋል፤ ነጂውም እጁን አውለብልቦ ይሄዳል። በከሚሴ ስልክ ያለው ሁሉ ተቀባበለው። የሪያድን ቃሬዛ የተሸከሙ ጓደኞቹ ሳይቀሩ፣ ፍጥነት አነሰው እንጂ ይሻገር ነበር ማለት ጀመሩ።

በቅርቡ መምህሩ ከጨፋ ሮቢት በሚኒባስ ሲመለሱ፣ በአፋፉ ላይ አዲስ ቁልል አዩ። ከቀድሞው ይረዝማል። ከኋላው ባጃጆች ሞተራቸውን አስነስተው ተራ ይዘዋል። መምህሩ ሹፌሩን በብርቱ ድምፅ አስቁመው በሩን ከፈቱ፤ እግራቸው መሬት ሳይነካ የመጀመሪያው ተንደረደረ።