ጋሼ የሚጠግነው ኮምፒውተር

ኢንተርኔታችን ሲቋረጥ እማዬ መጀመሪያ የምትወቅሰው እኔን ነው፤ ቀጥላ የምትጠራው ታላቅ ወንድሜን። "ኢንጂነሩ ይምጣ" ትላለች። ጋሼ የሚሠራው ጎማ መሸጫ ውስጥ ነው፤ አንዴ የጎረቤት ፕሪንተር ስላስነሳ ግን ማዕረጉ ጸድቆለታል። ይመጣል፣ ወንበሬ ላይ ይቀመጣል፣ እኔን ከገዛ ክፍሌ ያስወጣል። ሲጨርስ ደግሞ ያው ስብከት፦ "ያገኘሽውን ሁሉ አትጫኚ። ቫይረስ ነው።" አስተማሪ ነኝ፤ የጫንኩት የፊዚክስ ፈተና ማዘጋጃ ብቻ ነው። ብናገርስ ማን ሊሰማኝ? ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። እሱ ከሄደ በኋላ ለጥቂት ቀን ደህና ይሆንና ተመልሶ መንቀርፈፍ ነው።

ያን ቅዳሜ ግን መንቀርፈፉን የምታገሥበት ቀን አልነበረም። ሌላ ከተማ ያለ አዳሪ ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ ለሥራ በቪዲዮ ሊያነጋግረኝ ቀጥሮኛል። አብዝቼ የተመኘሁት ቦታ ነው፤ ሙሉ ቤተ ሙከራ ያለው፣ ከሁሉም በላይ ከዚህ ቤት የራቀ። ለቤት ሰው ትንፍሽ አላልኩም። እማዬ ታለቅሳለች፣ ጋሼ ይሰብካል፤ ካለፍኩ በኋላ ቀስ ብዬ አስረዳለሁ ብዬ ነበር።

ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት የትምህርት ቤቱ ገጽ ግማሹ መጥቶ ቆመ። ራውተሩን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ኬብሉን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ተሳደብኩ። በመጨረሻ ኢንተርኔት ለሚያቀርብልን ድርጅት ደወልኩና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ያነሳችው ልጅ ድምጿን ጉንፋን ዘግቶታል።

"ከናንተ ቤት የሚወጣው ከሚገባው ይበልጣል፣ እህቴ" አለችኝ። "ኢንተርኔት የሚጠቀሙትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ክፈቺና ማን ብዙ እንደሚልክ እዪልኝ።"

ከፈትኩ። ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ፕሮግራም ከሁሉም በላይ ተኮፍሷል። ፊደል በፊደል አነበብኩላት።

"ሰላይ ነው እሱ" አለች። "የምትሠሪውን ከስክሪንሽ ላይ ፎቶ እያነሳ ለሆነ ሰው ይልካል። እናጥፋው።"

ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተ። እማዬ ጠርታው ኖሯል።

"ተነሺ" አለ ጋሼ፣ የመኪና ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ። ስክሪኑን ሲያይ ማሽከርከሩን ተወ። "እሱን አትንኪ! የኮምፒውተሩ የራሱ ነው። ካጠፋሽው ጭራሽ ይሞታል።"

"ሰላይ ነው ተብያለሁ።"

"ማን ነው ያለሽ? እኔ እያለሁ?"

"ጋሼ፣ ዛሬ ኢንተርኔቱ የግድ ያስፈልገኛል።"

"ምን አጣደፈሽ! ቃለ መጠይቁ ከሰዓት በኋላ አይደል እንዴ?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሱም የተናገረውን ሰምቶታል፤ አንገቱን ማከክ ጀመረ።

"የምን ቃለ መጠይቅ?" አለች እማዬ ከኋላው።

"ማን ነገረህ?" አልኩት። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ወዳለው ሰላይ ሄደ። ለካ ያ ሁሉ ጥገና የራሱን ሰላይ ለጥቂት ቀን ማስተኛት ኖሯል! ከጓደኞቼ ጋር የተጻጻፍኩት፣ እሱን ያማሁት፣ ሳልጨርስ የተውኩት ደብዳቤ ሁሉ ጎማ መሸጫው ውስጥ ሲነበብ ከርሟል። ደሜ ፈላ። የባሰው ግን ማፈሬ ነው፤ ማፈር የነበረበት እሱ ሆኖ ሳለ።

"ለአንቺው ብዬ ነው" አለ። "ሰው እንዳያታልልሽ። ታላቅሽ አይደለሁም?"

"ሠላሳ አልፎኛል፣ ጋሼ!"

ስልኩ ላይ ያለችው ልጅ ጉሮሮዋን ጠረገች። "እህቴ፣ እናጥፋው ወይስ ቆይተሽ ትደውያለሽ?"

"እናጥፋው።"

አጠፋነው። ኢንተርኔቱም አብሮ ድርግም አለ።

"አላልኩሽም!" አለ ጋሼ፣ ፊቱ ፈክቶ።

"እሱ ያለሽን ብትሰሚ ምን ነበረበት?" አለች እማዬ።

ልጅቷ ግን አልደነገጠችም። "ሰላዩ መንገዱን በራሱ በኩል አዙሮት ነበር፤ እሱ ሲጠፋ መንገዱ ተዘጋ። የኢንተርኔት ቅንብሩ ውስጥ ፕሮክሲ የሚለውን ማዞሪያ ፈልጊና አጥፊው።" ሁለቱ ጀርባዬ ላይ ቆመው እየተነፈሱ ፈልጌ አጠፋሁት። የትምህርት ቤቱ ገጽ ወለል ብሎ ተከፈተ። ከዚያ የይለፍ ቃሎቼን አንድ ሳይቀር አስለወጠችኝ። ጋሼን ከኮምፒውተሩ ተጠቃሚዎች ሰረዝነው፤ ያለ እኔ ፈቃድም ምንም እንዳይጫን አደረግን።

"ታዲያ ሲበላሽ ማን ሊሠራልን ነው?" አለች እማዬ፣ የምር ተጨንቃ። ሁለቱንም አስወጥቼ በሩን ቆለፍኩ።

ቃለ መጠይቁ አንዴም ሳይቆራረጥ አለቀ። በመጨረሻ ርዕሰ መምህሯ መነጽሯን አውልቃ "መቼ መጀመር ይችላሉ?" አለችኝ። ከበሩ ስር የጋሼ ጫማ ይታየኛል፤ የእማዬም ነጠላ ጫማ ከጎኑ አለ። ቤተሰቤን እስካሳምን ሁለት ወር ስጡኝ ልል ነበር ያሰብኩት፤ እንዴት እንደምለምናቸው እንኳ ተለማምጄ ነበር።

"ቤተሰቤ አስቀድሞ ያውቃል" አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "በሚመጣው ሳምንት እጀምራለሁ።"