የትም ያልተሰካው ገመድ

ሉባ ቁልፉን ለአራተኛ ጊዜ አዞረች። ሞተሩ አንዴ አቃሰተና ጸጥ አለ። ከኋላ ወንበር ላይ በሁለት ብርድ ልብስ የተጠቀለለችው ታላቅ እህቷ ኦርሲያ፣ "ተይው በቃ፤ ዛሬ ቢቀር ምን እሆናለሁ?" አለች።

"ምን እንደምትሆኚማ ኩላሊትሽን ጠይቂው!"

የቅዳሜው እጥበት በበረዶ ውሽንፍር ምክንያት ቀርቶ የኦርሲያ ፊት አብጧል። ሐኪሟ ትናንት በስልክ፣ "የማክሰኞው ቀረ ማለት ትሞታለች ማለት ነው" ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ሆስፒታሉ ዘጠና ኪሎ ሜትር ይርቃል። ቀጠሮው ረፋድ አራት ሰዓት ነው፤ አሁን ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት ደርሷል። ለካናዳዋ ማኒቶባ ጥር ይሄ ብርቅ አይደለም፤ ሰው ሌሊቱን ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክቶ የሚያድር የሞተር ማሞቂያ የሚያስገጥመው ለዚሁ ቀን ብሎ እኮ ነው። ሉባም ከሁለት ሳምንት በፊት ኦርቪል ጋራዥ አስገጥማለች። ገመዱ እንደ ሰው ሁሉ መኪና ከፊት ፍርግርጉ ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤ ስፒናውንም በየምሽቱ በረንዳው ሶኬት ላይ ስትሰካ ነው የከረመችው። ቅር ያላት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ማሞቂያ ሲሠራ ሊፈላ እንደተቃረበ ማንቆርቆሪያ ሲስ ሲስ ይላል፤ የሷ ግን ትንፍሽ አይልም። ኦርቪልን ብትጠይቀው፣ "እትዬ ሉባ፣ ጆሮሽ አርጅቶ ነው" ብሎ ሳቀባት። እስከ ትናንት ብርዱ ቀለል ብሎ ስለነበር መኪናው ይነሳ ነበር፤ እሷም ዝም አለች።

አሁን ግን ወርዳ ኮፈኑን ከፈተችና ገመዱን በእጇ ተከተለችው። ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ በፕላስቲክ ማሰሪያ ከአንድ ብረት ጋር ታስሯል። እዚያው ላይ አለቀ። የትም አልተሰካም። ሞተሩ ላይ ማሞቂያ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም።

"ወይ አንተ ፈጣሪ! እንዲህም ይደረጋል?"

ደሟ ፈላ። ኦርሲያን ደግፋ ቤት አስገባቻት፤ ከወጥ ቤት ቢላዋ አምጥታ ማሰሪያውን በጠሰችና ቢላዋውን ኪሷ ከትታ፣ ገመዱን ይዛ በእግሯ ወደ ጋራዡ ገሰገሰች።

ጋራዡ ደጅ የኦርቪል ፒካፕ ገመዱ ግድግዳው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቆሟል። ሉባ ጎንበስ ብላ አዳመጠች። ሲስ ሲስ ሲስ ይላል። አርጅቷል የተባለው ጆሮዋ ጥርት አድርጎ ሰማው።

ውስጥ ኦርቪል ከሽማግሌው ከኔስቶር ጋር ዶናት ይበላል። ገመዱን ፊቱ ወረወረችለት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ገመድ ነዋ! በጠዋቱ ስትቆጪ እንዴት ያምርብሻል እባክሽ።"

"ማሞቂያው የታለ?"

ኦርቪል ስኳር የነካ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። "ዕቃው ዘገየብኝ። አንቺ ደግሞ በየቀኑ እየደወልሽ ነፍሴን አወጣሽው። እስኪመጣ ልብሽ ይረፍ ብዬ ገመዱን አንጠለጠልኩልሽ። በክፋት አይደለም።"

"ልቤ ይረፍ ብለህ? እህቴ ልትሞትብኝ ነው፣ አንተ ልቤን ታሳርፋለህ? ዕቃው አልመጣም ብትለኝ ኖሮ ሰው ለምኜ እወስዳት ነበር። ደግሞ ጆሮሽ አርጅቶ ነው ትለኛለህ፣ ዓይን አውጣ!"

"እሺ፣ እሺ፣ አትጩሂ። ዕቃው ትናንት ገብቷል። ሐሙስ አምጪውና..."

"በምን ላምጣው? በጀርባዬ አዝዬ?"

ኔስቶር የነከሱትን ዶናት አስቀመጡ። "ኦርቪል፣ የኔንም የገጠምከው እኮ በዚያው ሳምንት ነው።"

ሽማግሌው ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ፤ በመስኮቱ በኩል የመኪናቸውን ኮፈን ሲከፍቱ ይታያሉ።

"የፒካፕህን ቁልፍ አምጣ፤ እህቴን ሆስፒታል ላድርስበት" አለች ሉባ።

"እንዴ! እኔስ በምን ልሄድ ነው?"

"በእግርህ። መኪናዬ ደጄ ቆሟል፤ ዕቃህን ይዘህ ሂድና በረዶው ላይ ተጋድመህ ግጠመው።"

"በዚህ ብርድ? ጣቴ ይረግፋል እኮ!"

"ጎትተህ አምጥተህ እዚህ ግጠመው እንግዲያ። እሱ ያንተ ጉዳይ ነው። ስመለስ ጆሮዬን ደቅኜ ነው የምሰማው።"

ቁልፉን ሰጣት። እስከ በሩ ተከተላትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እትዬ ሉባ፣ በፈጠረሽ ለሰው እንዳታወሪብኝ፤ እንጀራዬን ትዘጊብኛለሽ" አላት።

ሉባ በሩን ከፍታ ወጣች። ደጅ ኔስቶር ኮፈናቸው ሥር አጎንብሰው የታሰረውን ገመድ ይጎትታሉ፤ እጃቸው በብርዱ ቀልቷል፤ ማሰሪያው አልበጠስ ብሏቸዋል። ቢላዋውን ከካፖርቷ ኪስ አወጣችና በእጀታው በኩል አቀበለቻቸው።

"ጋሽ ኔስቶር፣ የርስዎን ሲጨርሱ የመንደራችንን መምህርት መኪናም ይዩላት። የሷንም የገጠመው እሱ ነው" አለች፣ ኦርቪል እየሰማ።

ከዚያ የፒካፑን ስፒና ከግድግዳው ነቀለችና ገብታ ቁልፉን አዞረች። በመጀመሪያው ተነሳ።